3 ደቂቃ ለ21 ቢሊዮን ዶላር፦ የዋሽንግተን ዲሲ የበጀት መድረክ ግምገማ

ዋጋ፦ ነፃ። አድራሻ፦ 1350 ፔንስልቬኒያ አቬኑ፣ ጆን ዊልሰን ሕንፃ፣ 5ኛ ፎቅ። አገልግሎቱ፦ የከተማው ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ስለሚመጣው ዓመት በጀት 3 ደቂቃ መናገር። ከ5 ኮከብ 3 ተኩል ሰጥቼዋለሁ። አንድ ተኩሉ የት እንደገባ ለማስረዳት ግን ወደኋላ 150 ዓመት መሄድ አለብኝ። ታገሱኝ።

እኔ ዲሲ ውስጥ የደይኬር አስተማሪ ነኝ። የሦስት ዓመት ልጆች ክፍል ነው የምይዘው። አገር ቤት ግን ወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት የበጀት ባለሙያ ነበርኩ። የበጀት ጥሪ፣ ጣሪያ፣ መደበኛና ካፒታል፣ የዝውውር ደብዳቤ፣ ሁሉም እጄ ላይ ያለፈ ነው። ሰኔ ሲገባ «ብሩ ተመላሽ ከሚሆን» ተብሎ ወንበርና የፕሪንተር ቀለም የሚሸመትበትን ሩጫም አውቀዋለሁ። እዚህ ያ ሩጫ የሚሆነው መስከረም ላይ ነው፤ የዲሲ በጀት ዓመት የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ነውና። ሌላው ሩጫ እምብዛም አይለይም።

ወደ መድረኩ የወሰደኝ የራሳችን ጉዳይ ነው። ምክር ቤቱ በ2021 ዓመታዊ ገቢያቸው ከ250,000 ዶላር በላይ በሆነ ሰዎች ላይ ግብር ጨምሮ ነበር። ከዚያ ገንዘብ የተወሰነው የደይኬር አስተማሪዎችን ደሞዝ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪዎች ደሞዝ ለማስጠጋት ተመደበ። ፔይ ኢኩዊቲ ፈንድ ይሉታል። በመጀመሪያው ዙር ረዳት አስተማሪ እስከ 10,000፣ ዋና አስተማሪ እስከ 14,000 ዶላር አገኘ። ዲሲ ውስጥ በዚህ ሥራ ያለ ሐበሻ ስንት እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ብዙ ቤት የቤት ኪራይ በሰዓቱ የተከፈለበት ዓመት ነበር።

በኤፕሪል 2024 ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር የ2025ን በጀት ሲያቀርቡ ፈንዱ ከውስጡ ወጥቶ ተገኘ። አልተቀነሰም፤ ወጣ።

ወሬው የእረፍት ክፍል ደረሰ። በዕድሜ ሁላችንን የሚበልጡ፣ እትዬ የምንላቸው ባልደረባዬ ሻያቸውን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ በጀት ትሠሪ አልነበር? ሂጂና ንገሪያቸው እንጂ!»

«እትዬ፣ የበጀት መጽሐፉን ሳላየው ምን ብዬ ልናገር?»

«እና እይዋ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

አየሁት።

መጽሐፉ አንድ አይደለም፣ ጥራዞች ናቸው። ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይወርዳል። የመጀመሪያው ጥራዝ ማጠቃለያው ነው። ቀጥለው የመሥሪያ ቤቶች ምዕራፎች አሉ፣ ከዚያ የስድስት ዓመት የካፒታል፣ ማለትም የግንባታ፣ ዕቅድ። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ሁለት ፊደልና አንድ ዜሮ ያለው መለያ አለው። ፖሊስ ኤፍ-ኤ-ዜሮ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጂ-ኤ-ዜሮ። የእኛ ፈንድ ያለበት የትምህርት ቢሮ ጂ-ዲ-ዜሮ። መለያውን ካወቃችሁ ያን ሁሉ ገጽ ማገላበጥ አያስፈልግም፤ ፒዲኤፉ ላይ ፈልግ ብላችሁ መለያውን ብቻ ጻፉ። ሰንጠረዡ ደግሞ እኛ አገር ከለመድነው አይርቅም። ባለፉት ዓመታት በትክክል የወጣው፣ ዘንድሮ የጸደቀው፣ ለሚመጣው ዓመት የተጠየቀው፣ ልዩነቱ። ዓይናችሁን የመጨረሻው ዓምድ ላይ አድርጉና ወደ ታች ውረዱ። ቅንፍ ውስጥ ያለ ቁጥር ሲያጋጥማችሁ እዚያ ጋ ቁሙ። የተቀነሰ ማለት ነው። የእኛው ቁጥር ቅንፍ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት።

እዚህ ላይ ሙሉ ኮከብ ሰጥቻለሁ። ወረዳችን ግቢ በር ላይ የዓመቱን በጀት በሰሌዳ እንለጥፍ ነበር፤ ጥሩ ነገር ነበር፣ ግን ሰሌዳው የሚያሳየው ድምሩን ነው። እዚህ አንድ ተራ ሰው ኩሽናው ቁጭ ብሎ የአንድን ፕሮግራም የሦስትና የአራት ዓመት ጉዞ መከተል ይችላል። እውነቱን ለመናገር ቀናሁ።

መጽሐፉ የማይነግራችሁ «ለምን» የሚለውን ነው። ለዚያ ደግሞ ከከንቲባዋ በላይ ያለውን ሰው ማወቅ ያስፈልጋል። በላይ ያልኩት አቅልዬ አይደለም። የዲሲ ዋና የፋይናንስ ኃላፊ፣ ሲኤፍኦ የሚሉት፣ ከንቲባዋ በፈለጉት ቀን የሚያነሱት ሹም አይደለም። በፌብሩዋሪ ከተማው ምን ያህል ገቢ እንደሚሰበስብ የሚገምት ደብዳቤ ያወጣል። ያ ቁጥር ጣሪያ ነው። ከንቲባዋም ምክር ቤቱም ከእሱ በላይ አንድ ዶላር ማቀድ አይችሉም። በጀቱ ለአንድ ዓመት ብቻ ሳይሆን ለአራት ዓመት ሚዛኑን መጠበቁን እሱ ካልፈረመ የትም አይሄድም። በዚያ ዓመት ደግሞ የከተማው መጠባበቂያ ገንዘብ ይሞላ ብሎ አጥብቆ ጠየቀ። መሐል ከተማ ያሉት የቢሮ ሕንፃዎች ከኮሮና ወዲህ ባዶ ስለሆኑ የንብረት ግብር እየወረደ ነበር። ሜትሮ ባቡር ደግሞ ከዲሲ ብቻ ተጨማሪ 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይፈልግ ነበር። እና የእኛ ፈንድ ተቆረጠ። ሰርኩሌተር የምንለው ቀዩ የከተማ አውቶቡስም በዚያው በጀት ቀረ፤ ዲሴምበር 31፣ 2024 የመጨረሻ ጉዞውን አድርጎ ቆመ።

የወረዳ ባለሙያ ሳለሁ ጣሪያ የሚሰጠን ከላይ ነው። ጣሪያ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን በምርጫ ያልመጣ አንድ ሰው፣ ከተመረጠ ከንቲባ በላይ፣ የ21 ቢሊዮን ዶላር ከተማ ጣሪያ ላይ ቁጭ ብሎ? ይህ ከየት መጣ?

መልሱ ሕንፃው በር ላይ ቆሟል። ፌዴራል ትራያንግል ሜትሮ ጣቢያ ወርዳችሁ ስትመጡ ዊልሰን ሕንፃ ፊት ለፊት የነሐስ ሐውልት ታያላችሁ። ሰውዬው አሌክሳንደር ሼፐርድ ነው፤ «ቦስ» ሼፐርድ ይሉት ነበር። በ1871 ኮንግረስ ለዲሲ የራሷን የግዛት አስተዳደር ሲሰጣት እሱ የመንገድና የፍሳሽ ሥራውን ያዘ። ከተማዋ ያኔ ጭቃ ነበረች። ሼፐርድ መንገድ አነጠፈ፣ ቱቦ ቀበረ፣ ዛፍ ተከለ። ዛሬ ዲሲ ስትመጡ የምታደንቁት ሰፋፊ መንገድ ብዙው የእሱ እጅ አለበት። ችግሩ ብሩን መቁጠር ላይ ነው። ወጪው ከዕቅዱ እጥፍ አለፈ፣ ዕዳው 20 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ደረሰ፣ በጊዜው ይህ ጉድ የሚያሰኝ ገንዘብ ነው። በ1874 ኮንግረስ አስተዳደሩን እንዳለ አፈረሰው። ሼፐርድ ራሱ ከስሮ ሜክሲኮ ሄደና የብር ማዕድን ቆፈረ።

ከዚያ በኋላ ነዋሪው ለመቶ ዓመት ያህል ከንቲባ አልመረጠም። በ1878 በወጣው ሕግ ከተማዋን ፕሬዚዳንቱ የሚሾማቸው ሦስት ኮሚሽነሮች ያዙ፤ አንዱ የግድ የጦር ሠራዊት መሐንዲስ ነው። የበጀቱ መንገድ እንዲህ ሆነ። ኮሚሽነሮቹ ግምት ያዘጋጃሉ፣ ለፌዴራል ግምጃ ቤቱ ሹም ይልካሉ፣ እሱ ያያል፣ ከዚያ ኮንግረስ ያጸድቃል። ፌዴራል መንግሥቱ በለውጡ የከተማዋን ወጪ ግማሽ ሊከፍል ቃል ገባ። ሒሳቡ ይገባኛል፤ ግማሹን የሚከፍል ሰው ግማሹን ልዘዝ ማለቱ ያለ ነው። ግን እሱ ያዘዘው ሙሉውን ነው። በ1920ዎቹ ደግሞ ድርሻው መጀመሪያ ወደ 40 በመቶ ወረደ፣ ቀጥሎ በመቶኛ መሆኑ ቀርቶ እንደየዓመቱ የሚቆረጥ ገንዘብ ሆነ። ትእዛዙ ግን ስንዝር አልቀነሰም።

በ1967 ፕሬዚዳንት ጆንሰን ዋልተር ዋሽንግተን የሚባሉ ሰው ኮሚሽነር ከንቲባ አድርገው ሾሙ። ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። የመጀመሪያ በጀታቸውን ወደ ኮንግረስ ሲልኩ በተወካዮች ምክር ቤት የዲሲ ኮሚቴ ሊቀመንበር የሳውዝ ካሮላይናው ጆን ማክሚላን ነበሩ። ለበጀቱ የሰጡት መልስ አንድ መኪና ሙሉ ሐብሐብ ወደ ከንቲባው ቢሮ መላክ ነው ይባላል፤ ታሪኩ ዲሲ ውስጥ የታወቀ ነው። ሐብሐብ እዚህ አገር ለጥቁር ሰው ሲላክ የዘር ስድብ ነው፤ ከዚህ በላይ ለመናገር አልፈልግም። በጀት ሠርቼ አውቃለሁ አላልኳችሁም? ሌሊት ተቀምጠህ የደመርከውን ወረቀት ልከህ መልሱ እንዲህ ሲመጣ አስቡት። ማክሚላን በ1972 የፓርቲያቸውን ምርጫ ተሸነፉ፤ ከዲሲ ሄደው በሳውዝ ካሮላይና ያሉ ጥቁር መራጮችን የቀሰቀሱ ሰዎች እጅ ነበረበት። በዓመቱ፣ ዲሴምበር 24፣ 1973፣ ሆም ሩል፣ የራስ አስተዳደር፣ የሚባለው ሕግ ተፈረመ። ዋልተር ዋሽንግተን በጃንዋሪ 1975 የተመረጡ ከንቲባ ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

ታዲያ ሆም ሩል ሁሉን ሰጠ እንዳትሉ። ምክር ቤቱ በጀቱን ይመርምር፣ ይለውጥ፣ ድምፅ ይስጥበት ተባለ። ገንዘቡን እንዲያወጣ የሚፈቅደው ግን ያኔም ኮንግረስ ነበር። ሌላም ቀለበት ሕጉ ውስጥ ገባ፦ ዲሲ ውስጥ ሠርቶ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚያድር ሰው ላይ የገቢ ግብር መጣል አትችልም። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩትን ባልደረቦቼን በዚህ እተርባቸዋለሁ። ቀን እኛ መንገድ ላይ መኪና አቁመው፣ ማታ ግብራቸውን ለሜሪላንድ። የፌዴራል ሕንፃውና ኤምባሲው ሁሉም የንብረት ግብር አይከፍልም። እንግዲህ በዚህ ላይ በጀት ሥሩ።

ሁለተኛው ሐውልት ከዚያው ሕንፃ ደጃፍ ነው፤ በ2018 የቆመው የማሪዮን ባሪ። ከሼፐርድ ጋር በአንድ ግቢ መቆማቸውን ማን እንዳሰበው አላውቅም፣ ግን የገንዘብ ታሪኩን ለሚያውቅ ሰው ያስቃል። ባሪ ለአራተኛ ጊዜ ከንቲባ ሆነው በ1995 ሲገቡ የከተማዋ ጉድለት 722 ሚሊዮን ዶላር ነው ተባለ። ሁሉንም በእሳቸው ላይ መጫን ፍትሐዊ አይደለም። ጉድለቱ ከእሳቸው በፊት ከነበሩት ከንቲባ የወረሱት ነበረበት፣ ከሆም ሩል በፊት የፌዴራል መንግሥቱ ያልከፈለው የጡረታ ዕዳም ነበረበት። ብቻ ከተማዋ የሚያበድራት አጣች። ኮንግረስ በኤፕሪል 1995 ኮንትሮል ቦርድ አቋቋመ። ያ ቦርድ ከከንቲባውና ከምክር ቤቱ በላይ ሆኖ በጀቱን ያጸድቅ ጀመር። የሲኤፍኦ ወንበር የተፈጠረውም በዚሁ ሕግ ነው። የመጀመሪያው ሹም አንቶኒ ዊሊያምስ ነበሩ፤ እሳቸው በኋላ ከንቲባ ሆነው ተመረጡ።

ዊልሰን ሕንፃ ራሱ የዚያን ጊዜ ምስክር ነው። 1908 የተመረቀ የእብነ በረድ ሕንፃ ነው፣ ግን በ90ዎቹ ከተማዋ ማደሻ ገንዘብ አጥታ አርጅቶ ነበር። ባለሥልጣኖቹ ለቀው ሌላ ቦታ ገቡ። አብዛኛውን ክፍል ለፌዴራል መንግሥት አከራይቶ ማሳደስ የሚል ውል ሁሉ ነበረ። ቀርቶ ነው እንጂ ዛሬ እኔ የምናገርበት አዳራሽ የሌላ መሥሪያ ቤት ቢሮ ይሆን ነበር።

እና ጣሪያው ከዚህ መጣ። በ1997 ኮንግረስ ዓመታዊ ድጎማውን ሰርዞ በምትኩ እስር ቤቱን፣ ፍርድ ቤቱንና የድሮውን የጡረታ ዕዳ ወሰደ። ቦርዱ በ2001 ሥራውን አቆመ። ሲኤፍኦው ግን ቀረ። የፈረሰ ቤት የወደቀበት ሰው አዲስ ቤት ሲሠራ ምሰሶ ያበዛል፤ ዲሲም ያደረገችው ይህን ነው። እኔ ጣሪያውን ብነቅፍም ምሰሶውን አልነቅፍም። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ በየዓመቱ ሚዛኑን ጠብቃ ሒሳቧን ዘግታለች፤ ድሮ የሚያበድራት ያጣች ከተማ ቦንዷ ተፈላጊ ሆኗል።

አሁን ወደ መድረኩ።

ምዝገባው በኢንተርኔት ነው፣ ቀነ ገደብ አለው፣ አያምልጣችሁ። ከቤት ሆኖ በቪዲዮ መቅረብም ይቻላል። እኔ በአካል መሄድ መረጥኩ። በር ላይ ቦርሳ ይፈተሻል፣ መታወቂያ ያዙ። መኪና ይዤ እሄዳለሁ ለምትሉ፣ አትሞክሩት፤ የፓርኪንጉ ዋጋ ለቅዳሜ ክትፎ ይበቃል። ተናጋሪው በአራትና በአምስት እየተጠራ ጠረጴዛው ጋ ይቀመጣል። ተራ መጠበቁ ረጅም ነው። ምሳ ቋጥራችሁ ሂዱ። እኔ ዳቦ በእርጎ ይዤ ነበር፣ አንዲት የትምህርት ቤት ነርስ ጋር ኮሪደር ላይ ተካፈልን። እሷም እንደኔ የተቆረጠ ነገር ነበራት።

ከእኔ በፊት የተናገሩት ብዙዎቹ አስተማሪዎች ነበሩ። ሁሉም የተናገረው እውነት ነው፣ ሁሉም የተናገረው ግን አንድ ነው፦ ሥራችን ከባድ ነው፣ ገንዘቡ ይመለስልን። ምክር ቤቱ ይህን አያጣውም። የወረዳ ባለሙያ ሆኜ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጬ ስለማውቅ የሚያስፈልጋቸው ሌላ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። «ይጨመርልን» ያለ ሰው ሲመጣ ባለሙያው በልቡ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ከየት?

ስለዚህ 3 ደቂቃዬን እንዲህ ከፈልኳት። ግማሽ ደቂቃ ስለ እኔ። አንድ ደቂቃ ስለ ክፍሌ፦ ፈንዱ ከመጣ በኋላ ረዳቴ ሳትቀየር መቆየቷን፣ ልጆቹ ጠዋት ሲመጡ ማንን እንደሚያቅፉ ማወቃቸውን። የቀረውን ሁሉ ለቁጥር። ጂ-ዲ-ዜሮ ውስጥ ያሉ መስመሮችን ገጽ ጠቅሼ፣ ዘንድሮ ተመድቦላቸው ያልወጣ ገንዘብ ያለባቸውን አነሳሁ። ሙሉው ባይመለስ በየትኛው መጠን ፈንዱ መቀጠል እንደሚችልም ተናገርኩ። ሰዓት ቆጣሪው ሲያልቅ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገሬ ላይ ነበርኩ፤ ጨርሺ አሉኝ፣ ጨረስኩ።

አንድ የምክር ቤት አባል ማይኩን አብርቶ «ያነበብሽውን ገጽ ደግመሽ ንገሪኝ» አለኝ። ነገርኩት። ጻፈ። ሌላ ምንም አልተባለም። እመኑኝ፣ ለበጀት ሰው ከዚህ የበለጠ ጭብጨባ የለም።

በጁን ምክር ቤቱ በጀቱን ሲያጸድቅ ለፈንዱ 70 ሚሊዮን ዶላር መልሷል። እኔ ነኝ ያስመለስኩት አልልም። በመቶ የሚቆጠር ሰው ተናግሯል፣ ድርጅቶች ደክመዋል፣ ወላጆች ጽፈዋል። ደግሞም ሙሉው አልተመለሰም፤ ከበፊቱ ያነሰ ነው። ግን ዜሮ የነበረ መስመር ላይ 70 ሚሊዮን ሲገባ በሕይወቴ ያየሁት ያኔ ነው። እኛ ወረዳ ላይ ምክር ቤቱ ባንድ ጠዋት አጽድቆ ምሳ ይበላ ነበር። እዚህ ከንቲባዋ ካቀረቡበት ቀን ጀምሮ 70 ቀን አለ፣ በ70 ቀኑ ውስጥ ነገር ይንቀሳቀሳል። ለዚህ ሁለተኛውን ሙሉ ኮከብ ሰጥቻለሁ።

ቋንቋን በተመለከተ። ዲሲ በ2004 የወጣ የቋንቋ ሕግ አላት። አማርኛ በሕጉ ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፣ ከስፓኒሽ፣ ከቻይንኛ፣ ከቬትናምኛ፣ ከኮሪያኛና ከፈረንሳይኛ ጋር። ለከተማው መሥሪያ ቤት ጉዳይ ስትሄዱ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላችሁ፣ በነፃ ነው። ሦስተኛው ኮከብ ለዚህ ነው። ብቻ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ እና አስተርጓሚው የበጀት ቃላት እንዲያውቅ አትጠብቁ። አንድ ስሙን የማልጠራው ስብሰባ ላይ በስልክ የመጣልን አስተርጓሚ መጠባበቂያ ገንዘብ የሚለው ጋ ሲደርስ ዝም አለ። እትዬ «ልጄ፣ ስልኩ ተቋረጠ እንዴ?» ብለው ጠየቁ። አልተቋረጠም ነበር። የምትናገሩትን አማርኛ ቀደም ብላችሁ በወረቀት ለአስተርጓሚው ብትሰጡት ይሻላል።

ድሮ ሌላ ዓይነት መድረክም ተሞክሮ ነበር። ከንቲባ ዊሊያምስ በ1999 መጨረሻ ላይ 3,000 ገደማ ነዋሪ በትልቁ ኮንቬንሽን ማዕከል ሰብስበው በጠረጴዛ ዙሪያ አነጋገሩ፣ በእጅ በያዙት ትንሽ ማሽን ድምፅ አሰጡ። ሐሳቡ ከ3 ደቂቃው ይሻላል ባይ ነኝ። ሰው የሚጠየቀው በጀቱ ከመጻፉ በፊት ነውና። ዛሬም ከንቲባዋ በብርዱ ወራት የበጀት ውይይት ያዘጋጃሉ፤ እዚያ የሚሄድ ሐበሻ ብዙም አላይም። ግማሿን ኮከብ ለዚህ ሰጥቻለሁ፣ ሰው ስለማይሄድበት ብቻ ሙሉ አላደረግኳትም።

የቀነስኩት አንድ ኮከብ የኮንግረስ ነው። በ2013 የዲሲ ሕዝብ 83 በመቶ ድምፅ ሰጥቶ በራሳችን ግብር የምንሠራውን በጀት ኮንግረስ እስኪያጸድቅልን አንጠብቅም አለ። ምክር ቤቱ የራሱን ከንቲባና የራሱን ሲኤፍኦ ከሰሰ፤ ሕጉ አይሠራም ብለው ነበርና። በ2014 ፌዴራል ዳኛ ሕጉን ጣለው፣ በ2016 የዲሲ ፍርድ ቤት ዳኛ ሕጉን አጸናው። ከዚያ ወዲህ በጀቱ እንደሌላው ሕግ ወደ ኮንግረስ ይሄድና የመመልከቻ ጊዜው ሲያልፍ ይጸናል። ጥሩ ነው ብለን ነበር። በማርች 2025 የተወካዮች ምክር ቤት ጊዜያዊ የበጀት ሕግ ሲያወጣ የተለመደውን የዲሲ አንቀጽ አውጥቶ ተወው። በዚያ ምክንያት ከተማዋ በዓመቱ እኩሌታ ላይ ወደ 2024 በጀት ተመለሺ ተባለች፤ 1.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መቁረጥ ማለት ነው። ገንዘቡ የፌዴራል ቢሆን አይከፋኝም። የእኛው ግብር ነው፣ ባንክ ውስጥ ያለ። ሴኔቱ ማስተካከያ አሳለፈ፣ የተወካዮች ምክር ቤት ግን ሳያነሳው ቀረ። ከንቲባዋ የ2009 ሕግ ፈልገው ከጉድለቱ የተወሰነውን ሸፈኑ።

እኔ ጂ-ዲ-ዜሮ ላይ መስመር በመስመር ስከራከር የቆየሁበትን ነገር ኮንግረስ ካለበት ከካፒቶል ኮረብታ አንድ አንቀጽ በመዘለሉ ብቻ ሊሰረዝ እንደሚችል ያወቅኩት ያኔ ነው። የበጀት መድረኩን አዳራሽ ንጽህናም፣ ተራ አጠባበቅም፣ ማይክም አልነቅፍም። ግን ምናሌው ላይ ያለው ምግብ ከኩሽና ወጥቶ ጠረጴዛ ሳይደርስ ሊመለስ የሚችልበትን ምግብ ቤት 5 ኮከብ መስጠት አልችልም።

የሚቀጥለው ዓመት ላይ ለመናገር የምታስቡ ካላችሁ፣ ኤፕሪልን አትጠብቁ። የፌብሩዋሪውን የሲኤፍኦ ደብዳቤ አንብቡ፤ ገጹ ጥቂት ነው፣ ቃሉ ቀላል ነው። ገቢው ከወረደ በዚያ ዓመት የሚቆረጥ አለ። የእናንተ መሥሪያ ቤት መለያ ምን እንደሆነ አሁኑኑ ፈልጉት። መናገር የማይሆንላችሁ ጽሑፍ መላክ ትችላላችሁ፣ መዝገብ ውስጥ ይገባል። እትዬ ዘንድሮ በቪዲዮ ሊቀርቡ ተመዝግበዋል። ወረቀታቸውን አብረን እየጻፍን ነው፤ መጀመሪያው አንቀጽ ላይ «ከየት?» የሚለውን እንድጽፍላቸው ጠይቀውኛል፣ እኔ ደግሞ ገጹን እየፈለግኩ ነው።